የብረታ ብረት ክፍሉ እንዴት ተረፈ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰጡኝ የምስክር ወረቀት «የብረታ ብረት ክፍሉን ከመዘጋት ያተረፉ» ይላል። ዳይሬክተሩ ጮክ ብሎ ሲያነበው መምህራኑ አጨበጨቡ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ውሸት የለበትም። ክፍሉ ሊዘጋ ነበር፣ ያተረፍኩትም እኔ ነኝ። እንዴት እንዳተረፍኩት ግን ካጨበጨቡት ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ እኔና ትሕትና ተዋውቀን አናውቅም።

ሥራ የጀመርኩት መምህር ሆኜ አይደለም። በአንድ የመንገድ ሥራ ጋራዥ አሥራ ሁለት ዓመት ቡሎን ስፈታና ሳጠብቅ ኖርኩ። ከዚያ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ስጨርስ ጅማ ተመደብኩ። እዚያ አንድ ቶርኖ ብቻ ነበረን፣ እሱም የሚዞረው መብራት ሲገኝ ነው። ብረት እየዞረ በቢላ የሚላጥበትን ማሽን ልጆቹ ከሰሌዳ ላይ ሥዕል ነበር የሚማሩት። ሦስት ዓመት እንደዚያ አስተማርኩ። ደሞዙ ከጋራዡ ብዙም አይሻልም ነበር፤ እናቴ ግን «መምህር ሆነልኝ» እያለች ለጎረቤት ስለምታወራ መልቀቅ አልቻልኩም። ወደ አቃቂ ስዛወር ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዓመት አልፎት ነበር።

የአቃቂው ክፍል ከጅማው ጋር አይወዳደርም። ስምንተኛን ካለፉት የአቃቂና የቃሊቲ ልጆች በየዓመቱ ሃያ በፈተና ይመረጣሉ። ግማሽ ቀን እንደማንኛውም ተማሪ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ይማራሉ፤ ግማሽ ቀን ቱታ ለብሰው ከእኛ ጋር ብረት ይሠራሉ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲሁ ነው። አራት ቶርኖ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሃያ ሞርሳ፣ አንድ የብየዳ ክፍል ነበረን። የባቡሩም የፋብሪካውም ሠራተኛ ልጁን እዚያ ለማስገባት ይጋፋ ነበር፤ ከዚያ የወጣ ልጅ የፋብሪካ በር ላይ ቆሞ አይቀርም።

ክፍሉን ያቋቋሙት ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ፣ ከባቡሩ ወርክሾፕ የመጡ ሰው ናቸው። አጭር፣ ቁጡ የሚመስሉ ግን ተቆጥተው የማያውቁ፣ የግራ እጃቸው አመልካች ጣት ከጫፉ የጎደለ። አዲስ ልጅ ሲገባ መዳፍ የምታክል ሻካራ ብረትና አንድ ሞረድ ይሰጡታል። «ስድስቱንም ፊት ለጥ አድርገህ አምጣ» ይሉትና ይሄዳሉ። ይህ ሦስት ወር ይፈጃል። ልጁ ጨረስኩ ብሎ ሲያመጣ ብረቱን ወደ መስኮቱ ይወስዱታል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚለኩበትን ስኳድራ ላዩ ላይ ያቆሙና ከዓይናቸው ትይዩ አንስተው ከብርሃኑ ጋር ያዩታል። በስኳድራውና በብረቱ መካከል ክር የምታክል ብርሃን ካለፈች ብረቱን ይመልሱለታል። በየት በኩል እንዳለፈች አይነግሩትም። ራሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይፈልጋታል። የተሞረደውን ፊት በእጅ መዳበስም ክልክል ነበር፤ ላብ የነካው ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል። ብዙ ልጅ አልቅሷል። እኔ ራሴ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁት ሰው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያችን ብረት ሰጥተውኝ አራት ጊዜ መልሰውልኛል።

አንድ ነገራቸው ብቻ ያናድደኝ ነበር። አንድ ባለሥልጣን መጥቶ «ከነዚህ ጎበዙ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ሁሉም ገና ናቸው» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ለሽልማት ስም ላኩ ሲባሉ አይልኩም። ሪፖርት ሲጽፉ የማሽኖቹን ሁኔታ አንድ በአንድ ይዘረዝሩና የልጆቹን ስም ይተዉታል። ምቀኝነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«የልጅ ስም ወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም» አሉኝ።

የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት። ጡረታ ሲወጡ የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ደረሰ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከበሩ ገባ ብሎ የጎበዞችን ስም የሚያሳይ ሰሌዳ መስቀል ነበር።

ሰይድ ይማም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቱ አቶ ይማም ከወሎ መጥተው ሳሪስ የሰፈሩ፣ የጭነት መኪና የሚነዱ ሰው ናቸው። ሊያስመዘግቡት ሲመጡ «መሪ እንዲይዝብኝ አልፈልግም፤ ማታ ማታ ቤቱ የሚገባበት ሥራ ያስይዙልኝ» አሉኝ። ልጁ ስድስቱን ፊት በአምስት ሳምንት ጨረሰ። ስኳድራውን አንስቼ ወደ መስኮቱ ስሄድ ከኋላዬ እንኳ አልተከተለኝም፤ አውቆታል። ቶርኖ ላይ ሲቆም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ቢላው መደነዝ ሲጀምር እኔ የማውቀው የሚላጠውን ብረት አይቼ ነው፤ እሱ ድምፁን ሰምቶ ማሽኑን ያቆማል። ብዙ አይናገርም፣ ሲቀልዱበት ይስቃል። ከሁለት የተለያዩ ቱታዎች የተሰፋ ቱታ ስለሚለብስ ጓደኞቹ «ትራፊክ መብራት» ይሉት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ በአካባቢው ያለ አንድ የፈትል ፋብሪካ የማሽን ዘንግ ተሰብሮበት ወደ እኛ ይዘው መጡ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪገባ ዓመት ይፈጅ ነበር። የፋብሪካው መካኒኮች ሞክረው ዘንጉ በሚዞርበት ቀለበት፣ በኩሽኔታው ውስጥ እየላላ አስቸግሯቸዋል። ሰይድ ስብርባሪውን ገጣጥሞ ለካ፣ ቢላውን ራሱ ሳለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ ብረት በስሱ በስሱ ላጠ። የመጨረሻውን ልክ ሊወስድ ሲል ማሽኑን አቁሞ ቁጭ አለ። ምን ትጠብቃለህ አልኩት። «እስኪበርድ ነው፤ ሲሞቅ ያብጣል» አለኝ። የፋብሪካውን መካኒኮች ያስቸገራቸው ለካ ይኸው ነበር፤ ትኩሱን ለክተው ሲበርድ ይቀጥንባቸዋል። ዘንጉ ገባ፣ ማሽኑ ዞረ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሌላ ቀን አግኝቼው አላውቅም።

በዚያው ዓመት ጓድ ታምራት መጣ። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያጠና ቡድን መሪ ነበር፤ ቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር። ክፉ ሰው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን አልነበረም። ወርክሾፑን ዞሮ አየ፣ ልጆቹን ጠየቀ፣ ከዚያ ወደ ቢሮዬ ገብቶ የክፍሉ መዘጋት እየታሰበ መሆኑን ነገረኝ።

«እዚህ ሰማንያ ልጅ አራት ቶርኖ አለው» አለኝ። «ግድግዳውን ተሻግረህ እይ፤ በአንድ ክፍል ዘጠና ልጅ ነው፣ ግማሹ ወለል ላይ። ይኼ አዳራሽ አራት መማሪያ ክፍል ይወጣዋል። ለተመረጠ ልጅ ማሽን፣ ላልተመረጠው ወለል። እስቲ አንተ መልስልኝ፣ ይኼ እኩልነት ነው?»

ስለ ፋብሪካዎቹ ነገርኩት፣ ስለ ዘንጉ ነገርኩት። እነዚያን ወለል ላይ የሚቀመጡ ልጆች በየቀኑ በመስኮት አያቸው ነበር። የእኔዎቹ አይደሉም ብዬ ነበር የማልፋቸው። ጓድ ታምራት ሰምቶኝ ሲያበቃ ክፍሉ ሊተርፍ የሚችለው ለአገር የሚሰጠው ጥቅም በማስረጃ ከቀረበ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። በጥቅሉ እንዳልጽፍ፣ ማን ምን መሥራት እንደሚችል በስም እንድጽፍ አጥብቆ አሳሰበኝ።

ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የአሥራ አንድ ጎበዞች ስም፤ ከየስሙ ትይዩ የእያንዳንዱ ችሎታ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። በአንደኛ ተራ ቁጥር ሰይድ ይማም፣ «የተሰበረ የማሽን ዘንግ ያለማንም እገዛ ሠርቶ የሚተካ»። ከዚያ መዝጊያው መጣ። ያኔ ደብዳቤ ያለ መፈክር አይዘጋም ነበር። የግቢው ዘበኛ ባትሪ ድንጋይ ይገዛልኝ ብሎ ሲጽፍ እንኳ መጨረሻው ላይ ስለ እናት አገር አንድ መስመር ያክላል። ማንም አያነበውም፤ ከጎደለ ግን ይታያል። የተለመደው መፈክር ለእኔ ጉዳይ ቀዝቃዛ መሰለኝና የራሴን ጻፍኩ፤ «ከላይ የተዘረዘሩት ተማሪዎች ሙያቸውን ይዘው በማንኛውም ግንባር የእናት አገርን ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ናቸው»። ደግሜ አነበብኩት። አማረኝ። በካርቦን ሦስት ቅጂ አውጥቼ ፈረምኩ። አንዱ ለጓድ ታምራት፣ አንዱ ለዳይሬክተሩ፣ ሦስተኛው እንደ ደንቡ ቀበሌዎቹን ለሚያዘው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ክፍሉ እንዲቀጥል መወሰኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። ልጆቹን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፤ ለስላሳም ገዛሁላቸው። ሰይድ ጠርሙሱን በጥርሱ ሊከፍት ሲሞክር ተቆጣሁት።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ቀበሌዎች ኮታ እየተሰጣቸው ወጣት ይመለምሉ ነበር። በእኛ አካባቢ ለማትሪክ የተዘጋጀ ተማሪ እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይታለፍ ነበር። ግንቦት ላይ ግን ዝርዝሬ ውስጥ ካሉት ለዘጠኙ ጥሪ ደረሳቸው። ሁለቱ ሴቶች ስለነበሩ ቀሩ። እንደሌላው ወጣት በጅምላ አልነበረም የተጠሩት፤ በሙያ ነው፣ በሰሜን ላለ የጦር መኪና መጠገኛ። የጥሪው ማስታወቂያ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቀርቤ አነበብኩት። የስሞቹ ቅደም ተከተል የእኔው ነበር። ፊደል አሳስቼ የጻፍኩት አንድ የአባት ስም እንኳ እንደተሳሳተ ተገልብጧል።

አቶ ይማም የመጡት አርብ ከሰዓት ነው። ከመስጊድ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ መጡ። የጥሪውን ወረቀት አጥፈው ይዘዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ዳይሬክተሩን አነጋግሬያቸዋለሁ» አሉኝ። «መንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው ይቀራል አሉኝ። ክፍሉ ረዳት ያስፈልገዋል፣ ሰይድ ረዳት ሆኗል ብለው እርስዎ ከጻፉ እሳቸው ይፈርማሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም፤ ይኼን ብቻ ይጻፉልኝ።»

እውነቱን ልናገር። ወረቀቱ ከፊቴ ነበር፣ እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ፣ ዳይሬክተሩ በረንዳውን ተሻግሮ ቢሮው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ውሸትም አልነበረም፤ ረዳት ያስፈልገን ነበር። ነገር ግን የውሳኔው ደብዳቤ ከደረሰ ገና ወር አልሞላውም። ለእናት አገር ጥሪ ዝግጁ ናቸው ብዬ በፈረምኩ ማግስት አንደኛውን ልጅ ልደብቅ ብሞክር ጓድ ታምራት ምን ይላል? ነገሩን እንደገና ቢከፍተውስ? ቶርኖዎቹ ተነቅለው ሲጫኑ ታየኝ። ሰማንያ ልጅና አንድ ልጅ አመዛዘንኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ያመዛዘንኩ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ሰማንያዎቹን ሳይሆን ክፍሉን፣ የእኔን ክፍል ነበር የያዝኩት።

«ሰኞ ጠዋት እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው። «ዛሬ ረፍዷል።»

«ሰኞ» አሉ።

«ሰኞ፣ በጠዋት።»

የጥሪውን ወረቀት ኪሳቸው ከተቱ። እጄን ጨብጠው ወጡ።

በሁለቱ ቀን አሰብኩበትና ልጽፍ ወሰንኩ። ሰኞ ከደወሉ በፊት ገብቼ ጻፍኩ፣ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩ፣ ያለ ምንም መፈክር። ለዳይሬክተሩ ወሰድኩለት። አነበበውና ቀና አለ። «ትናንት ጠዋት፣ ከተባለው ቀን ቀድመው ወሰዷቸው እኮ፤ አልሰማህም?» አለኝ። ደብዳቤውን መልሶ ሰጠኝ። ወደ ወርክሾፑ ስመለስ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ገብተው እየሞረዱ ነበር። ሃያ ሞርሳ ባለበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ በለመዱት ቦታቸው፣ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ጋሽ ወልደሰንበት ጋ ሄድኩ። ቤታቸው ሳሪስ አቦ አጠገብ ነው። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን፣ የጨመርኩትን ዓረፍተ ነገር፣ አርቡን። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ እንዲሰድቡኝም ፈልጌ ነበር። «ስንት ናቸው?» ብቻ አሉኝ። ዘጠኝ አልኳቸው። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና እስክሄድ አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ወርክሾፑን ረግጠውት አያውቁም፤ ቀደም ሲል በየወሩ ብቅ ይሉ ነበር።

ከዘጠኙ ውስጥ በየጊዜው አራት ተመለሱ። አንዱ ቀኝ እጁን አጥቶ ነው የመጣው። ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ የሚዞሩትን ቶርኖዎች አየና ሳይገባ ወደ ግቢው ወጣ፤ ተከትዬው ሄድኩ። መጠገኛው በመድፍ ሲመታ ሰይድ አንድ መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ለአቶ ይማም ነግሯቸው ነበር። ለቅሶ ሄድኩ። አቶ ይማም ከሽማግሌዎቹ መካከል ቦታ አስለቅቀው አስቀመጡኝ፤ ለሚገባው ሰው ሁሉ «የልጄ መምህር ናቸው» ይሉ ነበር። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ሦስቱንም ቀን አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፣ የምናገረውን ሳልናገር ተመለስኩ።

ክፍሉ ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙ ስለታወቀ ማንም ይዘጋ አላለም። ይልቅስ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ስም ላክ የሚል ደብዳቤ ይመጣ ነበር። አልላክሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። እያዘገየሁ፣ እየቀነስኩ ላክሁ። ደካሞቹን አስቀድሜ ልላክ ብዬ ያሰብኩበት ዓመትም ነበር። ስለ ራሴ ከዚህ የበለጠ የምናገረው የለኝም። ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረድኩት፤ ግን ማውረዱ ማንንም አላስቀረም። ጓድ ታምራት ያኔ ክፍሉን ዘግቶት ቢሆን ሰይድ ከዘጠናዎቹ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ማትሪኩን ይፈተን ነበር። ምናልባት በሌላ ዙር ይወስዱት ነበር፣ ምናልባትም አይወስዱት። ይህን ሂሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም፤ ተስተካክሎልኝ አያውቅም።

ሃምሳ አምስት ሞልቶኝ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ሳሪስ አቶ ይማም ቤት ሄድኩ። መኪናውን ትተው በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል። ከመደርደሪያው ኋላ አስገብተው አስቀመጡኝ። ሻይ ቀረበልኝ። ሳልቀምሰው ተናገርኩ።

«አቶ ይማም፣ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ጥሪው የደረሳቸው ሐሙስ ዕለት ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄደው ነበር። ልጄን ማን መረጠብኝ ብለው ሲጨቃጨቁ ጸሐፊው ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው። ፊርማዬን ከሰይድ የውጤት ካርድ ላይ ያውቁታል። አርብ ወደ እኔ የመጡት ያንን አይተው ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርዎ ያፍራሉ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይርቃል» አሉ። «የጻፉት እርስዎ ስለሆኑ መልሰው መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አንድ ሰው ሳሙና ሊገዛ መጣ፤ ሸጡለት፣ መልስ ሰጡት፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ትንሹን ልጃቸውን፣ ኑሩን፣ ከውስጥ ጠሩት። ሰይድ ሲሄድ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ቁመቱ ከመደርደሪያው አልፏል።

«ስምንተኛን አልፏል» አሉኝ። «ብረት ክፍል ካልገባሁ እያለ ነው። የወንድሙን ቱታ ከሣጥን አውጥቶ ለክቶታል። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

ለዚያ ክፍል ከእያንዳንዱ አለቃ ጋር ተሟግቻለሁ። የስንቱን ቤት በር እያንኳኳሁ ልጅ አስገብቻለሁ። የልጁን እጆች አየሁ፤ ረጃጅምና የረጉ ነበሩ፤ ስድስቱን ፊት በሦስት ወር ሳይሆን በአንድ ወር የሚጨርስ ልጅ ነው።

«አያስገቡት» አልኳቸው።

ልጁ አባቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። ፊቱ ቀላ። «ለምን?» አለ።

አቶ ይማም ወንበር ሳቡለትና ከእኔ ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ የሱቁንም በር ገርበብ አደረጉት። ልጁ መልስ ይጠብቅ ነበር። ከወንድሙ ስም ጀምሬ ነገርኩት።